«ቀይረን እንየው» ለሚላችሁ ጋራዥ ቁልፋችሁን አትስጡ

መኪና ያላችሁ ሁሉ ይህቺን አንብቡልኝ። በተለይ አሁን መኪናችሁ ጋራዥ ቆማ «ዲናሞው ሳይሆን አይቀርም» እየተባላችሁ ያላችሁ፣ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት አንብቡ። እኔ አራት ዕቃ አስቀይሬ፣ ሁለት ወር ተንከራትቼ፣ በመጨረሻ ጥፋቱ ከክንዴ የማይረዝም አንድ ገመድ ላይ ተገኘ። ከቀየርኳቸው አራት ዕቃዎች አንዱም ችግሩን አልነካውም።

ነገሩ እንዲህ ጀመረ። ጠዋት ቁልፉን ሳዞር ሞተሩ እያቃሰተ ይዞራል። አንዳንዴ ይነሳል። አንዳንዴ «ጠቅ» ይልና ዝም ነው፣ የዳሽቦርዱ መብራቶችም አብረው ድብዝዝ ይላሉ። ጋራዥ ወሰድኳት። ልጁ ኮፋኖውን ከፈተ፣ የባትሪውን ገመድ ነካ ነካ አደረገና «ባትሪው ሞቷል» አለኝ። አልለካውም። እኔም «በምን አወቅክ?» አላልኩትም። አዲስ ባትሪ ገባ።

አንድ ሳምንት ሰላም ሆነ። ይሄ ነው ሰውን የሚያታልለው። አዲስ ባትሪ ጉልበት ስላለው የተበላሸ መስመርንም ቢሆን ለጊዜው ይሸፍነዋል። ከሳምንት በኋላ ያው ማቃሰት ተመለሰ። አሁን ልጁ ቴስተር አመጣ፣ ሞተሩ እየሠራ ባትሪው ላይ ለካ፣ 13.2 ቮልት አነበበ። «አየህ? ዲናሞው ባትሪውን በደንብ አይሞላም።» ዲናሞው ተቀየረ። ከተቀየረ በኋላ ግን ያንኑ ልኬት አልደገመውም። ይህን አስምሩበት፤ ደግሞ ቢለካው ኖሮ ቁጥሩ ንቅንቅ እንዳላለ እዚያው ያይ ነበር።

ከዚያ የሞተር ምልክቱ ዳሽቦርዱ ላይ በራ። ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ መሣሪያ) ሰካ፣ የክራንክሻፍት ሴንሰር፣ ማለትም የሞተሩን ዙር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው ዕቃ፣ የብልሽት ኮድ ወጣ፣ ሴንሰሩ ተቀየረ። አልሆነም። ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖም ተቀየረ። አሁንም አልሆነም። አምስተኛው ምክር «እንግዲህ የቀረው የመኪናው ኮምፒውተር ነው፣ ቀይረን እንየው» የሚል ነበር። ዋጋውን ስሰማ አንጀቴ ተቃጠለ። መኪናዋን አስገፍቼ አስነሳሁና ይዤ ወጣሁ።

ሰው ጠይቄ አንድ በዕድሜ ገፋ ያሉ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ዘንድ ሄድኩ። እሳቸው መጀመሪያ ኮፋኖውን አልከፈቱም። ጠየቁኝ። መቼ ጀመረ? ሲቀዘቅዝ ነው ሲሞቅ? ከመጀመሩ በፊት መኪናዋ ላይ ምን ተሠርቶ ነበር? «ምንም፣ ፍሪሲዮን ብቻ ነው ያስቀየርኩት» አልኳቸው። ፍሪሲዮን ለመቀየር ማርሹ ይወርዳል። ቀና ብለው አዩኝና «ማርሹ ወርዶ ነበራ» አሉ። የዚያኛው ጋራዥ ልጅ ይህን አንድም ቀን አልጠየቀኝም።

ቴስተሩን አወጡ። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪውን ለኩ፣ 12.6። «ባትሪህ ሙሉ ነው።» ከዚያ የቴስተሩን ጥቁር ጫፍ የባትሪው ኔጋቲቭ ራስ ላይ፣ ቀዩን ደግሞ ቀለም የሌለበት የሞተሩ ብረት ላይ ያዙ። «በል ወንድሜ፣ አስነሳ።» ቁልፉን አዞርኩ፣ ሞተሩ አቃሰተ። ቁጥሩን እንዳየው ጠሩኝና ደግመን ሞከርን። 1.9 ቮልት። «እዚህ ጋ መታየት ያለበት ከ0.2 ብዙም የማይርቅ ነው» አሉኝ። ከዚያ ቀዩን ጫፍ ከሞተሩ ወደ መኪናዋ ቦዲ አዛወሩት። አስነሳሁ። 0.05።

እንግዲህ አስቡት። ከባትሪው እስከ ቦዲው መንገዱ ንጹህ ነው። ከባትሪው እስከ ሞተሩ ግን ወደ 2 ቮልት የሚጠጋ መንገድ ላይ ይቀራል። ስለዚህ ጥፋቱ ያለው በቦዲውና በሞተሩ መሃል ነው፣ ሌላ የትም ሊሆን አይችልም። አንድ ዕቃ ሳይፈታ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ።

መብራት ይዘው ከሥር ገቡ። ቦዲውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዘው የተጎነጎነ የማሳ (ኤሌክትሪኩ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለስበት) ገመድ አለ። ማርሽ ሲወርድ ይፈታል፣ ሲመለስ መታሰር አለበት። የእኔ ብሎኑ በጣት ይዞራል። ሥሩ ዝገትና ዘይት ነው። ገመዱ ራሱ አረንጓዴ ሆኖ ግማሹ ክር ተበጣጥሷል። ብረቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፣ አዲስ ገመድ አሰሩ፣ ያንኑ ልኬት ደገሙት። 0.08። ሞተሩ በአንድ ዙር ተነሳ። ባትሪው ላይ ሲለኩ 14.2 ቮልት መጣ።

ያ 13.2 ከየት መጣ ታዲያ? ዲናሞው ኤሌክትሪክ የሚመልሰው በገዛ አካሉ፣ በሞተሩ ብረትና በዚያ ገመድ በኩል ነው። ገመዱን ከመቀየራቸው በፊት ዲናሞው እራሱ ላይ ለክተውት 14.4 ነበር። ያመርታል፣ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሪኖው ደግሞ ሲነሳ ከ100 አምፔር በላይ ይስባል፣ ያ ሁሉ በዚያች በተበጣጠሰች ገመድ መመለስ አለበት። መንገዱ ሲጠብበት በሌላ በኩል ይፈልጋል፤ በፍሪሲዮን ካቦ፣ በቀጫጭን ሽቦዎች። ሴንሰሩ የተሳሳተ ነገር ያወራው ለዚህ ነው። ሁሉም ምልክት ከአንድ ቦታ ነበር የመጣው፣ እኔ ግን ለእያንዳንዱ ምልክት አንድ አንድ ዕቃ ስከፍል ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ማስጠንቀቂያ ልምጣ። የኮድ ነገር ብዙ ሰውን ገንዘብ እያስበላ ነው። ስካነር ሰክቶ ኮድ ማንበብ ምርመራ አይደለም፣ የምርመራ መጀመሪያ ነው። የእኔው ፒ0335 የሚባለው ኮድ ትርጉሙ «የክራንክሻፍት ሴንሰር ሰርኪዩት ላይ ችግር አለ» ነው። ሰርኪዩት ማለት ሴንሰሩ ብቻ አይደለም፤ ሽቦው፣ መሰኪያው፣ የሚመጣለት ቮልቴጅና የሚመለስበት ማሳ ሁሉ አብረው ናቸው። ብዙ ጊዜ ሁለት ሦስት ሴንሰር አንድ የ5 ቮልት መስመር ይጋራል። አንዱ ሾርት ሲያደርግ የሌሎቹም ኮድ ይወጣል፣ እና «ሦስቱም ተበላሽተዋል» ትባላላችሁ። ሦስት ሴንሰር በአንድ ቀን ተበላሸ ከተባላችሁ ቁሙና ጠይቁ።

ኮዱን እናንተም ማንበብ ትችላላችሁ። ማንበቢያው የሚሰካበት መሰኪያ አብዛኛውን ጊዜ ከመሪው በታች ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ አሜሪካ ውስጥ፣ ለቤንዚን መኪኖች ደግሞ ከ2001 ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ግዴታ ሆኗል። ርካሽ ማንበቢያ ከስልክ ጋር ይሠራል። ማንም ከማጥፋቱ በፊት ኮዱን ፎቶ አንሱት። ኮዱ ሲጠፋ ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የተመዘገበው የሞተር ሙቀትና ፍጥነት አብሮ ይጠፋል፣ ለቀጣዩ ባለሙያ ደግሞ ያ መረጃ ወርቅ ነው። «ኮዱን አጥፍቼልሃለሁ፣ ሂድ» ብሎ የሚያስከፍላችሁ ሰው ምንም አልሠራላችሁም።

ሌላው ባትሪ ነው። አንድ ጓደኛዬ በአንድ ዓመት ሦስት ባትሪ ቀይሯል። ሁለት ሦስት ቀን ካቆማት አትነሳም። በየጊዜው የሚነገረው «የዘንድሮ ባትሪ ጥራት የለውም» ነው። በመጨረሻ እኔው ከደረሰብኝ በኋላ ስለነቃሁ፣ ስልኩን ቪዲዮ እየቀዳ ኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስቀምጠን በሩን ዘጋነው። ከፍተን ስናየው ቪዲዮው ላይ የዕቃ መጫኛው መብራት በሩ ተዘግቶም አልጠፋም። በቃ። ያች 5 ዋት የሆነች አምፖል ወደ 0.4 አምፔር ትስባለች፣ በቀን 10 አምፔር ሰዓት ገደማ ማለት ነው። 60 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ይህን ስንት ቀን ይችላል? ደህና መኪና ቆሞ ሲያድር የሚስበው ብዙውን ጊዜ ከ50 ሚሊ አምፔር አይበልጥም። ግን ይህ ሲለካ በሩን ዘግቶ መጠበቅ ያስፈልጋል፣ በዘመናዊ መኪና ኮምፒውተሮቹ እስኪተኙ ግማሽ ሰዓትም ከዚያ በላይም ሊወስድ ይችላል። ወዲያው ለክቶ «ይሄው ይበላል» የሚል ሰው ገና ያልተኛ መኪና ነው የለካው።

ሁለት ነገር ደግሞ ከገንዘብም በላይ አደገኛ ስለሆነ ልናገር። ዲናሞው ይሠራ አይሠራ ለማየት ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ገመድ የሚነቅል ሰው ካያችሁ አስቁሙት። ባትሪው ድንገት ሲለይ ቮልቴጁ ይዘላል፣ ኮምፒውተሩን ሊያቃጥለው ይችላል። ከዚያ እውነትም ኮምፒውተር ትገዛላችሁ። ሁለተኛው ፊውዝ ነው። 10 አምፔር ፊውዝ እየተቃጠለ ሲያስቸግር 30 የሚያስገባላችሁ አለ። ፊውዙ የተቀመጠው ሽቦውን ለመጠበቅ ነው። ትልቅ ስታስገቡ ፊውዙ ሳይሆን ሽቦው ይቃጠላል፣ መኪና የሚነደው እንዲህ ነው። ይህን አይቼ ዝም ብል ስለማይሆንልኝ ነው የጻፍኩት።

እና ጋራዥ ስትሄዱ ምን ትላላችሁ? እኔ አሁን አንድ ጥያቄ ብቻ ነው የምጠይቀው፤ «በምን ለካኸው፣ ስንት አነበበ?» መልሱ ቁጥር ካልሆነ ዕቃ አልገዛም። «በልምድ አውቀዋለሁ» ከሆነ አመሰግናለሁ ብዬ እወጣለሁ። ልምድ የት እንደሚለካ ይነግራል እንጂ ልኬትን አይተካም። የሚለካው ሰውም ዕቃው ሥራ ላይ እያለ ይለካ። አንድ ክር ብቻ የቀረው ገመድ ጭነት ሳይኖርበት በቴስተሩ ኦም ሲለካ ደህና ነው ይላል፣ ጭነት ሲመጣበት ነው የሚጋለጠው። የእኔም ገመድ ሞተሩ ጠፍቶ በኦም ቢለካ ኖሮ ምንም የለውም ይባል ነበር።

ለምርመራ ብቻ ክፍያ የሚጠይቅ ባለሙያ ካገኛችሁ አታኩርፉ። እኔም ድሮ «ገና ሳይሠራ ያስከፍላል» እል ነበር። የሳቸው የምርመራ ሂሳብ ከቀየርኳቸው አራት ዕቃዎች የርካሹን ዋጋ እንኳ አያክልም። ነጻ ምርመራ የሚሰጥ ጋራዥ ትርፉን ከሚሸጥላችሁ ዕቃ ላይ ነው የሚያገኘው፣ ስለዚህ ዕቃ መሸጥ አለበት።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ እየቀያየሩ ማየት ሁሌ መጥፎ አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት ሪሌዎች (በኤሌክትሪክ የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎች) ጎን ለጎን ካሉ ቦታቸውን ለዋውጦ ማየት ጥሩ ዘዴ ነው፣ ምንም አያስወጣም። ጋራዡ የራሱን የሚሠራ ዕቃ ለሙከራ ገጥሞ፣ ካልሆነ ፈትቶ ከወሰደ እሱም መልካም። ችግሩ ሙከራው በእናንተ ኪስ ሲሆን ነው። ብዙ ሻጭ አንዴ የተገጠመ የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመልስም፣ ስለዚህ ግምቱ ቢሳሳትም ዕቃው የእናንተ ሆኖ ይቀራል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር፣ እኔ በጣም የተቆጨሁበት ነው። ገመዱ ከተሠራ በኋላ የድሮውን ዲናሞዬን ልጠይቅ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ባለሙያው አይተው ደህና መሆኑን ቢያረጋግጡልኝ ገንዘቤን መጠየቅ እችል ነበር። «ጥለነዋል» አሉኝ። ሞተሪኖውም ተጥሏል፣ ባትሪውም የለም። እጄ ላይ አንድም ማስረጃ የለም፣ ደረሰኙም ላይ የተጻፈው «የኤሌክትሪክ ሥራ» ብቻ ነው። ስለዚህ ቁልፉን ከመስጠታችሁ በፊት፣ በጨዋ ደንብ፣ «የሚወጣውን ዕቃ ሁሉ ይዤ እሄዳለሁ፣ ከመቀየሩ በፊትና በኋላ የተነበበውንም ቁጥር ደረሰኙ ላይ ይጻፉልኝ» በሏቸው። እምቢ ካሉ መኪናዋን እዚያ አታሳድሯት።