ለቤርያ ኮሌጅ ምስጋና፣ ልጅ ለኮሌጅ ለደረሰላችሁ ወገኖቼ ጥቆማ

ልጄ በኬንታኪ ግዛት ከሚገኘው ከቤርያ ኮሌጅ ተመርቃ በሰላም ወደ ቤቷ ስለ ተመለሰች፣ ለተቋሙና ለሠራተኞቹ ያለኝን ምስጋና በአደባባይ መግለጽ ግዴታዬ ነው።

ከዚያ በፊት ያየነውን ሳልናገር ባልፍ ግን ምስጋናዬ ጎዶሎ ይሆንብኛል። አንድ አማካሪ ነኝ ባይ «ሙሉ ስኮላርሺፕ አስገኝላችኋለሁ» ብሎ የሁለት ወር የታክሲ ገቢዬን አስቀድሞ ከተቀበለ በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። እንኳን ደስ አላችሁ ብሎ የጻፈልን ሌላ ኮሌጅ ደግሞ፣ በሳምንቱ የላከው ሒሳብ ከዓመት ገቢያችን የሚበልጥ ነበር፤ ብንደውልም ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ሲያመላልሱን ከረሙ።

ስለዚህ ቤርያ የደረስን ዕለት የባንክ ካርዴን በእጄ ጨብጬ፣ የሚመጣብኝን እየፈራሁ ነበር የገባሁት። በገንዘብ ድጋፍ ክፍል ያስተናገደችን ሴት ግን ከጠረጴዛዋ ማዶ መቀመጡን ትታ፣ ወንበሯን ስባ ከጎኔ ተቀመጠችና ወረቀቱን መስመር በመስመር አነበበችልኝ። የትምህርት ክፍያ በሚለው ትይዩ የተጻፈችውን ዜሮ በእርሳስ ከበበቻት፤ ካርዴንም ወደ ኪሴ እንድመልስ በእጇ አመለከተችኝ። የመኝታውንና የምግቡን ወጪ እንደ አቅማችን አስልተው ቀነሱልን፤ ስሌቱ እስከ ዛሬ አልገባኝም፣ ያቺን ሴት ግን አልረሳትም።

ኮሌጁ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1892 ጀምሮ ለትምህርት ገንዘብ አያስከፍልም፤ ተማሪው ሁሉ ግን በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ይሠራል። ልጄ የተመደበችው መጥረጊያ ከሚሠራበት ክፍል ነበር። አያቷ ይህን በስልክ ስትሰማ «መጥረጊያ ለመሥራት ነው አሜሪካ ድረስ የሄደችው?» ብላ ስቃብናለች፤ ዛሬ ግን ልጄ በእጇ የሠራችው መጥረጊያ አያቷ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

የክርስቲያን ኮሌጅ ነው ሲባል እምነቷን ያስለውጧት ይሆን ብዬ ሰግቼም ነበር። ኦርቶዶክስ ሆና ገብታ፣ ኦርቶዶክስ ሆና ወጣች። መሥራቹ ጆን ፊ ባርነትን በመቃወሙ ባሪያ አሳዳሪ አባቱ የካደው ሰባኪ ሲሆን፣ በ1855 የጀመረው ትምህርት ቤት መሪ ቃሉ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝቦች ሁሉ ከአንድ ደም መፍጠሩ ነው። የባርነት ደጋፊዎች በ1859 ፊንና ባልደረቦቹን አባረሯቸው፤ ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው በ1866 ዓ.ም.፣ 96 ጥቁርና 91 ነጭ ተማሪዎችን አብረው አስተማሩ። ግዛቱ ይህን በ1904 በሕግ ሲከለክል ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክሮ ቢሸነፍም፣ ሕጉ በ1950 እንደ ተሻሻለ በሩን ለጥቁር ተማሪዎች መልሶ ከፍቷል። ልጄ የገባችው በዚያ በር ነው።

ገቢያችሁ አነስተኛ የሆነ፣ ልጃችሁም ጎበዝ የሆነላችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ጊዜ ሳታባክኑ አመልክቱ፤ የሚቀበሉት ጥቂት ስለሆነ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ። ለማመልከቻው ገንዘብ አይጠየቅበትም፤ የሚጠይቃችሁ ሰው ቢመጣ ኮሌጁ የላከው አይደለምና በሩን ዝጉበት።