ሸክላ ወይስ ፍላሽ?
ባሕር ዳር ሆኜ አዲስ ቴክኖና ሃውስ (በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ) በወጣ ቁጥር አዙሬ አስባለሁ። ሸክላውን ላስመጣ ወይስ ፋይሉን ልግዛ?

ሸክላው ልብ ይሰርቃል። 12 ኢንቹ የጭፈራ ሸክላ በአንድ ገጽ አንድ ሁለት ሙዚቃ ብቻ ስለሚይዝ መርፌው የሚሄድበት መስመር ሰፋ ይላል፤ ቤዙ ደረት ይመታል። በሸክላ ብቻ፣ በጥቂት መቶ ቅጂ የሚታተምም አለ። እሱን ፍላሽ ላይ ከየት ታመጣዋለህ? ችግሩ ፀሐይ ነው። አንዱን ያመጣልኝ ዘመዴ መኪና ውስጥ ረስቶት ተጣሞ ደረሰኝ። መርፌው ጣና ላይ እንዳለ የደንገል ታንኳ ከፍ ዝቅ ይላል። መብራት ሲጠፋማ ጭራሽ ዝም።

ፍላሽ ርካሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ በላፕቶፕ ባትሪም ይሠራል። በቃ።

ሐይቅ ዳር ለጭፈራ ፍላሹን እይዛለሁ። ቤት ግን፣ ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ፣ ያንኑ ጠማማ ሸክላ ነው የማስቀምጠው።