ሲስተር፣ እጅሽ ይባረክ

ይህ ምስጋና የ24 ሰዓት የደም ግፊት መለኪያ ለምትገጥመው ሲስተር ነው። ስሟን ያለ ፈቃዷ አንጽፍም፤ የውጤት ወረቀቷን የምናነብ ሁሉ ግን እናውቃታለን።

ከሌላ ቦታ የሚመጣው ውጤት ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ታካሚው ከፍሎ፣ ማሽኑን ታጥቆ አድሮ፣ የሌሊቱ ንባብ ሦስት ብቻ ይሆናል። ቢያንስ ቀን 20፣ ሌሊት 7 ትክክለኛ ንባብ ካልተገኘ ምርመራው መደገም አለበት። ወፍራም ክንድ ላይ ጠባብ መጠቅለያ (እየተነፋ የሚለካው ጨርቅ) ይታሰርና ግፊቱ ከእውነቱ በላይ ይወጣል። በዚያ ወረቀት መድኃኒት የተጨመረለት ሰው ማየት ያንገበግባል።

እሷ የክንዱን ዙሪያ በሜትር ለክታ ነው መጠቅለያ የምትመርጠው። ሁለቱንም እጅ ትለካለች፤ የላይኛው ቁጥር ከ10 በላይ ከተለያየ ከፍ ባለው ታስራለች፣ አለዚያ በማይጽፉበት እጅ። ቀን በየ20፣ ሌሊት በየ30 ደቂቃው እንዲለካ ትሞላዋለች። «ሲነፋ እጅዎን አያንቀሳቅሱ» ብላ አንዴ አስነፍታ ታሳያለች።

ከሁሉ የምናመሰግናት ስለ ሰዓቱ ነው። አንዲት እናት «4 ሰዓት ተኛሁ» ይላሉ፤ ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ነው። እንዳለ ከገባ ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተኙ ይመስላል፣ የ6 ሰዓት እንቅልፍ ከቀኑ ንባብ ጋር ይደባለቃል። እሷ «የምሽቱ 4 ነው አይደል እናቴ?» ትልና 22 ብላ ታስገባለች። ይህችን ጥያቄ ስንቱ ይዘላታል!

ግፊት በእንቅልፍ ከ10 እስከ 20 በመቶ መውረድ አለበት። ካልወረደ የልብ የግራ ክፍል ጡንቻ እረፍት አጥቶ ይወፍራል። ክሊኒክ 136/84 የተለካ ሰው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ላይ ልቡ ወፍሮ ሲገኝ ሌሊቱን ማየት ያስፈልጋል፤ የሌሊት አማካይ 120/70 ከደረሰ ከፍተኛ ነው። ኩላሊትና በእንቅልፍ ጊዜ የትንፋሽ መቆራረጥም አብረው ይመረመራሉ። በ1997 እ.ኤ.አ. የታተመ የጣሊያን ጥናት ልባቸው የወፈረ 206 ሰዎችን ለ12 ወራት አክሞ ነበር፤ ከውፍረቱ መቀነስ ጋር አብሮ የሄደው የ24 ሰዓቱ አማካይ ነው፣ የክሊኒኩ ንባብ አልተከተለውም።

ሐኪም ካዘዘልዎ እሷ ጋ ይሂዱ፣ ደግመን እንላለን፣ እሷ ጋ ይሂዱ። የምትሠራበትን በውስጥ መስመር ይጠይቁን። እጅጌው ሰፊ ልብስ ይልበሱ፤ ገላዎን ታጥበው ይምጡ፣ ማሽኑ እስኪፈታ ውሃ አይነካውም። መድኃኒትዎን ሐኪምዎ እንዳዘዘው ይዋጡና የዋጡበትን ሰዓት ይጻፉ፤ ጠዋት ወይም ማታ ብለው።