ቱርክ ወይስ አሜሪካ? ለጎንደር የ12ኛ ክፍል ተማሪ

የአክስቴ ልጅ ፒያሳ ማኪያቶ ይዘን «ለየቱ ስኮላርሺፕ ላመልክት?» አለችኝ።

የቱርክ መንግሥት ማመልከቻ ብዙ ጊዜ ጥር ላይ፣ በጥምቀት ሰሞን ይከፈታል። ነፃ ነው። ለመጀመሪያ ዲግሪ ዕድሜ ከ21 በታች፣ ውጤት ቢያንስ 70 በመቶ ይጠይቃል፤ ለሕክምና 90። ትምህርቱን፣ ማደሪያውን፣ የኪስ ገንዘቡንና የአውሮፕላን ትኬቱን ይሸፍናል። መጀመሪያ ግን አንድ ዓመት ቱርክኛ አለ።

አሜሪካ ልፋቱ ሌላ ነው። ስለ ራስሽ ድርሰት፣ የመምህራን ደብዳቤ፣ የወላጅ ገቢ ማስረጃ ይፈልጋል። አንዳንዶቹ ዩኒቨርሲቲዎች ኤስኤቲ የሚባለውን የመግቢያ ፈተናም ይጠይቃሉ። እንደ ኤምአይቲ ያሉ ጥቂቶች ግን ሲቀበሉሽ የኪስሽን አቅም አያዩም፤ ከተቀበሉሽ የጎደለውን ይሞላሉ። ፉክክሩ በጣም ከባድ ነው። የማመልከቻ ክፍያው ከከበደሽ እንዲነሳልሽ ጠይቂ፣ አትፈሪ! ብዙዎቹ ይፈቅዳሉ።

እኔ ቱርክን አስቀድማለሁ፤ መስፈርቱ ግልጽ ነው። ደግሞ ጊዜያቸው አይጋጭም። የአሜሪካው አብዛኛው ታኅሣሥ መጨረሻ ገደማ ይዘጋል። ድርሰቱን መስከረም ላይ ጀምሪ። ፓስፖርትና የልደት ሰርተፊኬቱን ግን ዛሬውኑ።