ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ፕሌይስቴሽን የምትገዙ፣ ጆይስቲኩን ራሳችሁ ያዙ

ትናንት 13,500 ብሬን ተበላሁ።

ድሬ ላላችሁ ሻጩን መግለጽ አያስፈልገኝም። "ስላይትሊ ዩዝድ ነው፣ ከዱባይ የገባ፣ ወላሂ አልተነካካም" የሚለው ነው። ደረሰኝ ስትሉት የሚስቀው።

የሄድኩት ለባዮሾክ ብዬ ነው። በ2002 ዓ.ም. ሳቢያን ሰፈር አንድ ጌም ቤት፣ ኳስ የሚጫወቱት ልጆች ሳይመጡ በጠዋት እየገባሁ የጨረስኩት ጌም ነው። አውሮፕላን አትላንቲክ ላይ ይከሰከሳል። ከውኃው ብቅ ትላለህ፣ ዙሪያው እሳት፣ ከፊትህ የመብራት ማማ። የመጀመሪያ ቀን ፊልሙ ያላለቀ መስሎኝ ጆይስቲኩን ይዤ ስጠብቅ፣ ጓደኛዬ ማጅራቴን መታኝና "ዋኝ እንጂ አቦ!" አለኝ። ከዚያ ባሕር ሥር የተሠራችው ከተማ፣ ራፕቸር። ያኔ የምወደው ተኩሱን ነበር። አሁን ታሪኩን ረጋ ብዬ ላየው አማረኝ።

ልጁ ፕሌይስቴሽን 3 አወጣ። ባዮሾክ ተጭኖበታል አለ። ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። "ቁጭ በል ወንድሜ፣ እኔ ላሳይህ" ብሎ ቀዝቃዛ ለስላሳ አስያዘኝ። ጆይስቲኩን እሱ ያዘ። አውሮፕላኑ ወደቀ፣ እሳቱ መጣ። ልጁ አውራ ጣቱን ያሽከረክራል፣ ሰውየው ይዋኛል። እንዲያውም መሃል ላይ "ይቺ ጋ ታስቸግራለች" ብሎ ወደ ቲቪው ተጎነበሰ! እኔ ለስላሳዬን እየጠጣሁ በትዝታ ቀልጫለሁ። ከፈልኩ።

ማታ ቤት ሰካሁት። ሰውየው ከውኃው ብቅ አለ። ወደ ግራ ስገፋው ወደ ቀኝ ይሄዳል። ቻርጅ መስሎኝ ገመድ ሰካሁ። ያው ነው። ጆይስቲኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው ይዋኛል። ደረጃውን ወጣ። በሩን ገባ። እኔ እጄን አጣጥፌ አያለሁ።

ቪዲዮ ነው። ሌላ ሰው ሲጫወት የተቀዳ ቪዲዮ። ያኔ ጌሙን ፊልም ነው ብዬ፣ አሁን ፊልሙን ጌም ነው ብዬ።

ዛሬ ጠዋት ተመለስኩ። ልጁ ከስልኩ ቀና እንኳ አላለም።

"ማሽኑ ይበራል አይበራም?"

"ይበራል።"

"በቃ፣ እኔ የሸጥኩልህ ማሽን ነው።"

ጌሙስ ስለው ወደ ጓደኛው ዞሮ "አይቶ እኮ ነው የገዛው" አለ። ተሳሳቁብኝ። ጓደኛው ጨመረበት፤ "ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜህ ጌም ምን ያደርግልሃል?" ትናንት ወንድሜ ነበርኩ፣ ዛሬ ጋሼ።

የሚያቃጥለኝ ደግሞ፣ ባዮሾክ ራሱ በትሕትና በምትነገር በአንዲት "እባክህ" እየተመራ የሰው መጫወቻ ስለሆነ ሰውዬ ነው። ጨርሼዋለሁ። አውቀዋለሁ። "ቁጭ በል ወንድሜ" ሲሉኝ ግን ቁጭ አልኩ።

በሉ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ራሳችሁ ተጫወቱት። ለስላሳም አትቀበሉ።

ቪዲዮው 41 ደቂቃ ነው። የሚጫወተው ሰውዬ ተኩስ አይችልም፣ ጥይቱን ግድግዳ ላይ ነው የጨረሰው። ሙሉውን አየሁት።