ጭራ የሌለው በሬ

ስሙን አልጠራም እንጂ፣ ባሕር ዳር ያለው ይህ ማተሚያ ቤት ለሠርግ ባነር አንደኛ ነው። እኔ ግን ለማስተምርበት ክፍል የሠዓሊውን የፒካሶን ሥዕል፣ ጌርኒካን፣ ላሳትም ሄድኩ። ልጁ ፍላሹን ሰክቶ ስክሪኑን አየና «ጋሼ፣ ባለ ቀለሙ የለም?» አለኝ። ሳቄ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሣልም እንዲሁ ጥቁር፣ ነጭና ግራጫ ነበር።

ኅትመቱ ጥርት ያለ ነው፤ ጥቁሩ ወደ ቡኒ አላደላም። ግን ባነሩን እናስተካክል ብለው የግራውን ጠርዝ ቆረጡት። እዚያ ጠርዝ ላይ የተሣለው በሬ ጭራውን አጥቶ መጣ! በነፃ ደግመው አተሙልኝ፤ ሦስት ቀን አመላልሰው ቢሆንም።

ተማሪዎቼ የዘጌን ኡራ ኪዳነ ምሕረት ያውቃሉ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሥዕል ደጉ በሁለት ዓይኑ ያየናል፤ ክፉው በጎን ስለሚሣል አንድ ዓይን ብቻ ነው ያለው። ፒካሶ ደግሞ በጎን በሣለው የሴት ፊት ላይ ሁለቱንም ዓይኖች ደረደራቸው። አንዷ ተማሪ «ታዲያ ይቺ ሴትዮ ደግ ናት ክፉ?» አለችኝ። አንድን ነገር ከብዙ አቅጣጫ ባንዴ ማሳየትን፣ ኩቢዝምን ማለቴ ነው፣ ከዚያ ጥያቄ ተነስቼ አስረዳኋቸው።

ሠርግ ካላችሁ ሂዱ። ሥዕል ከሆነ ግን መቀስ ሲያነሱ አጠገባቸው ቁሙ።