ሂተሩ «ጋዝ ነው የጨረሰው» ካሏችሁ ቀብድ እንዳትከፍሉ

ደሴና ኮምቦልቻ ያገለገለ መኪና ለመግዛት የምትዞሩ፣ ይቺን ሳታነቡ ብር እንዳታወጡ።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ በደላላ በኩል አንድ የቆየ የቤት መኪና ገዛ። ሞተሩ ድምፁ ጥሩ ነው፣ ቀለሙም ያበራል። ሂተሩ ግን ቀዝቃዛ አየር ነው የሚነፋው። ሻጩ «እሱማ ቀላል ነው፣ ጋዝ ጨርሶ ነው» አለው። ወንድሜም ጋራዥ ወስዶ ጋዝ አስሞላ። ጋዙን የሞላው ሰው ጋዝ ከሂተር ጋር ምንም እንደማይገናኝ እያወቀ ገንዘቡን ተቀበለ። እኔን ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ጋዝ ለኤሲ ነው፣ ለማቀዝቀዣው። ሂተር የሚያሞቀው በሞተሩ ውሃ ነው። ሞተር ሲሠራ ይግላል፣ ያንን ሙቀት በውስጡ የሚዞረው ውሃና ኩላንት (ከውሃው ጋር የሚደባለቀው ዝገት የሚከላከል ፈሳሽ) ይዞት ይወጣል፣ ከፊሉም በሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ከዳሽቦርዱ ኋላ ወዳለች አንዲት ትንሽ ራዲያተር ይገባል። ማራገቢያው በእሷ በኩል አየር ሲያሳልፍ አየሩ ሞቆ ይመጣል። በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ስለዚህ ሂተር አልሞቅ ሲል ብዙ ጊዜ የታመመው የሞተሩ ማቀዝቀዣ ነው፦ ውሃው ጎድሏል፣ ትንሿ ራዲያተር በዝገት ተደፍናለች፣ ወይም የውሃውን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት የለም።

የወንድሜን መኪና ደሴ ላይ አንድ ጎበዝ መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሲያየው ሁለቱ የሂተር ቱቦዎች ተቆርጠው እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ትንሿ ራዲያተር ታፈስ ነበር ማለት ነው። እሷን ለመቀየር በብዙ መኪና ላይ ዳሽቦርዱ መፈታት አለበት፣ የእጅ ዋጋው ከባድ ነው፣ ስለዚህ ቆርጠው አገናኝተው ሸጡት። ቴርሞስታቱም ወጥቷል። «መኪና እንዳይግል» ብለው የሚያወጡት አሉ፣ እባካችሁ እንዳትሰሟቸው። ቴርሞስታት እኮ ውሃው ከ80 እስከ 90 ዲግሪ እስኪደርስ ወደ ትልቁ ራዲያተር እንዳይሄድ ይዞ የሚያቆይ ነው። ከሌለ በደሴ ብርድ ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ነዳጅ ይበላል፣ ቶሎም ያረጃል።

ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሂተር የሚከፍት ሰው ስለሌለ ጉዱ አይታይም። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ 2,500 ሜትር አካባቢ ደሴ ስትገቡ፣ በተለይ ክረምት ጉሙ ሲወርድ፣ የፊት መስታወቱ ከውስጥ ላብ ይይዝና መንገዱ አይታይም። እሱን የሚያደርቀው የሂተሩ ሙቅ አየር ነው፣ ስለዚህ ይሄ የምቾት ጉዳይ አይደለም። ደግሞ ዳገት ላይ ሞተር መጋል ሲጀምር ኤሲ አጥፍቶ ሂተርን እስከ መጨረሻው መክፈት ትንሽ ሙቀት ያወጣለታል፣ ቆማችሁ እስክታበርዱት ያግዛል። ቱቦው የተቆረጠ መኪና ይቺንም አያገኝም።

ስትገዙ ሞተሩ ሳይነሳ፣ ቀዝቃዛ እያለ ድረሱ። አሙቆ ከጠበቃችሁ ተጠራጠሩ። የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ ውሃውን እዩ፦ ዝገት የመሰለ ቡናማ ከሆነ ኩላንት አያውቅም፣ ባዶ ውሃ ሲጠጣ ነው የኖረው። የጋለ ሞተር ላይ ግን ክዳኑን በፍጹም እንዳትነኩ፣ ፊት ያቃጥላል። ከዚያ አስነሱት፣ የሙቀት ቀስቱ መሃል እስኪደርስ ጠብቁ፣ ሂተሩን ሙሉ ክፈቱ። ሞተሩን አጥፉና ወደ ዳሽቦርዱ የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች በጥንቃቄ ዳሰስ አድርጉ። ሁለቱም ከሞቁ ውሃው እየዞረ ነው። አንዱ ሞቆ ሌላው ከቀዘቀዘ ትንሿ ራዲያተር ተደፍናለች ወይም ውሃውን ወደ ሂተር የሚያሳልፈው ቫልቭ አይከፍትም። የፊት ምንጣፉንም እጃችሁን ሰዳችሁ ንኩት፣ እርጥብ ሆኖ ጣፋጭ ሽታ ካለው ትንሿ ራዲያተር ታፈሳለች።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ እነዚህ አሮጌዎቹ ናቸው ከእጅ ወደ እጅ የሚዞሩት፣ እና እንዲህ ዓይነት ጥገና ገና ብዙ እናያለን። ሂተሩ ካልሞቀ ሻጩ አስጠግኖ ያምጣው፣ ወይም ዳሽቦርዱን የማስፈቻውን ዋጋ ጭምር አስገምታችሁ ከዋጋው አስቀንሱ። ለሂተር ብላችሁ ጋዝ ያስሞላችሁ ካላችሁ ደግሞ ደረሰኙን ይዛችሁ ሂዱና ብራችሁን ጠይቁ። ወንድሜ ጠይቋል፣ «ነገ ና» እያሉት ነው።